የኤሮስፔስ መሐንዲስ ከተመረቀ በኋላ ማን ያስተምረዋል? ጉዳዩ ለምን የእኛም ሆነ?

🔎 ትንታኔ

ኤንቲኤስቢ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ በጁን 2025 አንድ ትልቅ ምርመራ ቋጭቷል። ጉዳዩ የጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ነው። የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 9 አውሮፕላን 177 ሰዎችን ይዞ ከፖርትላንድ ከተነሳ ከደቂቃዎች በኋላ አንድ የጎኑ ክፍል አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። ክፍተቱ አጠገብ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። የሞተ ሰው የለም።

ቦርዱ ታዲያ ጥፋቱን ምን ላይ ጣለ? ሞተሩ ላይ አይደለም፣ አየሩ ላይ አይደለም፣ አብራሪዎቹም ላይ አይደለም። ቦይንግ ለፋብሪካ ሠራተኞቹ በቂ ስልጠና፣ መመሪያና ክትትል አለመስጠቱ ነው አለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍኤኤም በአግባቡ አልተከታተለም ብሎ ወቀሰ።

«ስልጠና» የሚለውን ቃል ያዙልን። እኛ ሀገር ይህ ቃል ሲነሳ ቀድሞ የሚታየን የሆቴል አዳራሽ ነው። ባነር፣ የሻይ ሰዓት፣ አበል፣ በመጨረሻ የጋራ ፎቶና ሰርተፍኬት። አውሮፕላንና ሳተላይት በሚሠራው ዓለም ግን ስልጠና ማለት የሰው ሕይወት ማለት ነው። ይህንን ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አይገባም፤ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከቦሌ ተነስቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው ኢቲ 302 የእኛ ነበር። 157 ሰዎች፣ ከ35 ሀገራት።

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ የኤሮስፔስ መሐንዲስ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ማን ያስተምረዋል? ምን ይማራል? የተማረውንስ የሚሠራበት ቦታና የሚናገርበት መብት አለው ወይ?

(ከዚህ በታች በተለይ ዓ.ም ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 24 ሠራተኛ፣ የሚያውቀው አንድ ሰው

ከአላስካው እንጀምር። ተገንጥሎ የወደቀው ክፍል አየር መንገዱ ያልፈለገውን የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ቦታ የሚደፍን መዝጊያ ነው። በ4 ብሎኖች ይታሰራል። በሴፕቴምበር 2023 አውሮፕላኑ ሬንተን በሚገኘው የቦይንግ ፋብሪካ ሳለ ሌላ ጥገና ለማድረግ ሲባል ይህ መዝጊያ ተከፈተ። ተመልሶ ሲገጠም 4ቱም ብሎኖች አልተመለሱም። መከፈቱም በሰነድ አልተመዘገበም፤ ስላልተመዘገበም ተመልሶ የመረመረው ሰው የለም።

መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር የሚገርም ነው። በሮችን የሚሠራው ቡድን 24 ሰዎች ነበሩት። ከእነሱ ውስጥ ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት መዝጊያ ከፍቶ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም በዚያን ዕለት ዕረፍት ላይ ነበር።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ዕውቀት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ሰውየው ዕረፍት ሲወጣ አብሮት ወጣ።

«ግን እኮ እነዚህ ሜካኒኮች ናቸው፤ መሐንዲስን ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ብሎን የሚያስረው መሐንዲሱ አይደለም። ግን ብሎኑ ስንት እንደሚሆን የሚያሰላው፣ እንዴት እንደሚፈታና እንደሚታሰር የሚያዘውን መመሪያ የሚያዘጋጀው፣ «ይህ ክፍል ከተነካ ይመዝገብ» የሚል ሥርዓት የሚዘረጋው የምህንድስናው ወገን ነው። መሐንዲሱ ወለሉ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ካላወቀ፣ ሠራተኛውም የመሐንዲሱ ሐሳብ ካልደረሰው፣ መሀል ላይ የሚፈጠረው ክፍተት አየር ላይ በር ይከፍታል።

🔹 ኢቲ 302፦ ጥያቄውን የጠየቀ መሐንዲስ ነበር

አሁን ወደ እኛው ሐዘን እንመለስ።

737 ማክስ በ1960ዎቹ በተነደፈ አካል ላይ ትልልቅና ነዳጅ ቆጣቢ ሞተሮች የተገጠሙለት አውሮፕላን ነው። ሞተሮቹ ስለገዘፉና ወደ ፊት ስለተገፉ አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሳት ዝንባሌ መጣበት። ያንን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተገጠመለት። ኤምካስ አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው ራሱ ወደ ታች ይጫነዋል።

ችግሩ ሶፍትዌሩ «ቀና ብሏል» የሚለውን መረጃ የሚወስደው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንሰር ብቻ መሆኑ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ሁለት አሉ፤ ኤምካስ ግን አንዱን ብቻ ያምን ነበር። ያ አንዱ ሲዋሽ አውሮፕላኑን ወደ መሬት ይገፋዋል። አብራሪው ቢያቃናውም ተመልሶ ይገፋል።

በዚህ ምክንያት ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ከ5 ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ኢቲ 302።

የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት ውስጥ ለዛሬው ርዕሳችን የሚሆኑ ነገሮች አሉ።

▪️ በ2015 አንድ የቦይንግ መሐንዲስ አንዱ ሴንሰር ቢበላሽ ኤምካስ ለአደጋ ያጋልጠናል ወይ ብሎ በኢሜይል ጠይቆ ነበር። አደጋው ከመድረሱ ከ3 ዓመት በፊት ማለት ነው።

▪️ በ2012 በተደረገ ሙከራ የኩባንያው የራሱ የሙከራ አብራሪ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ወስዶበታል፤ ውጤቱም እጅግ አደገኛ እንደሚሆን ተገንዝቦ ነበር። የደህንነት ስሌቱ ግን አብራሪው በ4 ሰከንድ ውስጥ ይመልሳል በሚል ታሳቢ ላይ ቆመ።

▪️ በአሜሪካ አሠራር ኤፍኤኤ ሁሉንም ነገር ራሱ አይመረምርም። የኩባንያው ሠራተኛ የሆኑ መሐንዲሶችን ወክሎ በእሱ ስም እንዲፈትሹና እንዲያጸድቁ ያደርጋል። በ2016 ቦይንግ ውስጥ በተደረገ የውስጥ ጥናት ምላሽ ከሰጡት ከእነዚህ መሐንዲሶች 39 በመቶዎቹ ያልተገባ ጫና ሊኖር እንደሚችል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። 29 በመቶዎቹ ደግሞ ጫናውን ቢያሳውቁ የሚመጣባቸው ነገር ያሳስባቸው ነበር።

ይህንን ስናነብ አንድ ነገር ይገለጥልናል። ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያስችል ዕውቀት በቤቱ ውስጥ ነበር። ጥያቄውም ተጠይቋል፤ ንድፉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ «መሐንዲሶቹ ይሠልጥኑ» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም። የሠለጠነው ሰው «ይህ አይሆንም» ሲል ሥራው የሚቆምበት አሠራር ከሌለ ስልጠናው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ይቀራል።

🔹 ስልጠና ዋጋ ሲወጣለት

ከዚሁ ሪፖርት ሌላ አንድ ነጥብ እናንሳ፤ የአብራሪዎች ስልጠና።

ቦይንግ ማክስን ለገበያ ሲያቀርብ አንዱ ማማለያው «የድሮውን 737 የሚያበር አብራሪ ሲሙሌተር ሳይገባ በአጭር የኮምፒውተር ኮርስ ወደዚህ ይሸጋገራል» የሚል ነበር። ሲሙሌተር ውድ ነው፤ አብራሪውንም ከሥራ ያስቀረዋል። ኩባንያው በዚህ ከመተማመኑ የተነሳ ከሳውዝዌስት አየር መንገድ ጋር ባደረገው ውል አብራሪዎቹ ሲሙሌተር ካስፈለጋቸው በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ቅናሽ ሊያደርግ ተስማምቶ ነበር።

እስቲ አስቡት። አንድ መሐንዲስ «ይህ አዲስ ሶፍትዌር ለአብራሪዎች በደንብ መነገር አለበት» ቢል ንግግሩ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊያስወጣ ነው። ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሳይብራራ ቀረ። የላየን ኤርም ሆነ የሌሎች አየር መንገዶች አብራሪዎች ስለ ኤምካስ ምንነት በወጉ የሰሙት ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ነው።

ማክስ በኖቬምበር 2020 ዳግም እንዲበር ሲፈቀድ የሲሙሌተር ስልጠና ግዴታ ሆነ። ውድ ነው ተብሎ የተሸሸው ስልጠና ከ346 ሰዎች ሞት በኋላ ተመልሶ መጣ።

🔹 ቴክኒሺያኑ በየ2 ዓመቱ፣ መሐንዲሱስ?

ብዙ ሰው ሁለቱን ሙያዎች ስለሚያምታታ እንለያቸው። አውሮፕላኑን ሀንጋር ውስጥ ጠግኖ «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው ፈቃድ ያለው የጥገና ባለሙያ ነው። ክንፉን፣ ሶፍትዌሩን፣ ሳተላይቱን የሚነድፈው፣ የሚያሰላውና የሚፈትነው ደግሞ የኤሮስፔስ መሐንዲስ ነው።

የጥገናው ዓለም በዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ ደንብ መሠረት ፈራሚው ባለሙያ በየ2 ዓመቱ ውስጥ የማሻሻያ ስልጠና መውሰድ አለበት። በማንኛውም 2 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 6 ወር በሙያው መሥራቱም መረጋገጥ አለበት። ስልጠናው የሰው ስህተትን ጉዳይም ይጨምራል፤ ድካም፣ ጥድፊያ፣ የፈረቃ ርክክብ፣ «አለቃዬ ስላለ» ብሎ መፈረም ሁሉ እንደ ትምህርት ይሰጣል።

የንድፍ መሐንዲሱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይላላል። አሜሪካ ውስጥ ድልድይ ወይም ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ በመንግሥት የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአምራች ኩባንያ ተቀጥሮ አውሮፕላን የሚነድፈው ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ሐሳቡ «ኩባንያው ራሱ ይቆጣጠረዋል፣ ምርቱም በመንግሥት ይረጋገጣል» የሚል ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ከተመረቀ በኋላ የሚማረው አሠሪው ባስተማረው ልክ፣ ወይም በራሱ ተነሳሽነት ይሆናል።

ሙያው ደግሞ አይቆምም። ከ20 ዓመት በፊት የተመረቀ መሐንዲስ ዛሬ አጠገቡ ያለው የካርቦን ፋይበር ክንፍ፣ በ3ዲ ፕሪንተር የወጣ የሞተር ክፍል፣ በሶፍትዌር የሚታዘዝ መሪ፣ የሳይበር ጥቃት ስጋት፣ አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ዲግሪው ከግድግዳው ላይ አልወረደም፤ ዕውቀቱ ግን እያረጀ ነው።

ለዚህ ነው በሙያው የበሰሉ ተቋማት ቀጣይ ስልጠናን የሥራው አካል ያደረጉት። ናሳ ለመሐንዲሶቹና ለፕሮጀክት መሪዎቹ የራሱ የስልጠና ፕሮግራም አለው። በዚያ ዓለም ከሚጠኑት ጉዳዮች አንዱ በጃንዋሪ 1986 የፈነዳችው ቻሌንጀር መንኮራኩር ናት። የማስወንጨፊያዋ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች በዋዜማው ማታ ብርዱ የጎማ ማሸጊያዎቹን ሊያደነድናቸው እንደሚችል ተናግረው «እንዳትነሳ» ብለው ተከራከሩ። አለቆቹ ውሳኔውን ገለበጡት። 7 ጠፈርተኞች አለቁ። መሐንዲሶች ይህንን ታሪክ የሚማሩት ስለ ጎማ ለማወቅ ብቻ አይደለም። በዚያ ስብሰባ ውስጥ እነሱ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ አስቀድመው እንዲያስቡ ነው።

🔹 ከአደጋው በኋላ ምን ተቀየረ?

የኢቲ 302 ሟቾች ቤተሰቦች ዋሽንግተን ድረስ ሄደው የልጆቻቸውንና የወላጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ጮኸዋል። ከጩኸቱ ያተረፉት ነገር አለ፤ በዲሴምበር 2020 የወጣው የአውሮፕላን ማረጋገጫ ሕግ።

ሕጉ ኤፍኤኤን ወክለው የሚፈትሹ የኩባንያ መሐንዲሶች ላይ ጫና ማሳደርን ይከለክላል። የኤፍኤኤ የራሱ መሐንዲሶችና ኢንስፔክተሮች ቀጣይ ትምህርትና የሙያ ማሻሻያ እንዲያገኙም ያዛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው ያነሰ ካወቀ ቁጥጥሩ ፊርማ ብቻ ይሆናል።

ግን ወረቀትና ተግባር ይለያያሉ። በዚሁ ሕግ የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በፌብሩዋሪ 2024 ሪፖርቱን አወጣ፤ 27 ግኝቶችና 53 ምክረ ሐሳቦች። ከግኝቶቹ ዋናው ስለ ደህንነት አመራሩ የሚያወራውና ሠራተኛው የሚያየው የተለያየ መሆኑ ነው። ሪፖርቱ የወጣው የአላስካው በር ከተገነጠለ ከሳምንታት በኋላ ነበር። በኤፕሪል 2024 ደግሞ ኤፍኤኤ የደህንነት አስተዳደር ሥርዓት የተባለውን ግዴታ ወደ አምራቾችም አሰፋው።

ማለትም ከኢቲ 302 በኋላ ከ4 ዓመት በላይ እየተነገረ፣ እየተጻፈ፣ ቃል እየተገባ፣ ያ መዝጊያ ያለ ብሎን ከፋብሪካ ወጣ። ስልጠና በዝግጅት ክፍል ሪፖርት ሳይሆን ወለሉ ላይ እንደሚለካ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይኖርም።

🔹 እኛስ?

አሁን ወደ ቤታችን። «እኛ አውሮፕላን አንሠራ፣ ምን አገባን?» እንዳትሉ። ሦስት ነገር አለን።

አንደኛ፣ ጥገና አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሀገራትን አውሮፕላኖችም የሚጠግን ማዕከል አለው። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲም አብራሪዎችን፣ የጥገና ባለሙያዎችንና የበረራ አስተናጋጆችን ያሠለጥናል፤ ከሌሎች የአፍሪካ ሀገራትም ተማሪ ይመጣል። በዚህ ዘርፍ ያለን ልምድ የአሥርት ዓመታት ነው።

ሁለተኛ፣ የሳተላይት ልምድ አለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች። ሕዝቡ በሌሊት እንጦጦ ተሰብስቦ በቀጥታ ሥርጭት ተከታተለ። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ናት፤ የኢትዮጵያ መሐንዲሶችም በሥራው ተሳትፈዋል። ዓመት ቆይቶ በዲሴምበር 2020 ሁለተኛዋ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች።

እዚህ ላይ ነው የስልጠና ጥያቄ የሚመጣው። ሳተላይት ላይ ሠርቶ የተመለሰ መሐንዲስ ዕውቀቱ የሚቆየው ቀጣይ ሥራ ሲኖረው ነው። ላብራቶሪ፣ የሙከራ ክፍል፣ ቀጣይ ፕሮጀክት፣ ስህተቱን የሚያይለት አንጋፋ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እነዚህ ከሌሉ ስልጠናው ሲቪ ላይ የሚጻፍ መስመር ይሆናል፤ ሲቪው ደግሞ ቪዛ ይጠራል።

ጎረቤቶቻችንን እንይ። ግብፅ በዲሴምበር 2023 ያስወነጨፈቻትን ሚስርሳት 2 የተባለች ሳተላይት ያገጣጠመችውና የፈተሸችው በራሷ ምድር፣ በራሷ ማዕከል ነው። እሷም በቻይና ድጋፍ ነው የሠራችው፤ ልዩነቱ ማዕከሉ ግብፅ ውስጥ መቅረቱ ነው። ኬንያ ደግሞ ከትንሹ ጀመረች። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በተባበሩት መንግሥታትና በጃፓን የጋራ ዕድል ተጠቅሞ በ2018 በእጅ የምትያዝ የምታክል ሳተላይት ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አስለቀቀ። በ2023 ታይፋ 1 ተከተለች። ትንሽ ሳተላይት ውድ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ተማሪው ከንድፍ እስከ ሙከራ ሙሉውን ዑደት በራሱ እጅ ያልፈዋል።

ሦስተኛ፣ የመመርመር ኃላፊነት አለን። ይህኛው ብዙ አይነገርም። አደጋ ሲደርስ ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት ሀገር ነው። የኢቲ 302ን ምርመራ የመራችው ኢትዮጵያ ናት። የበረራ መቅጃዎቹ ግን ለመነበብ ወደ ፈረንሳይ ሄዱ፤ እዚህ የሚነበቡበት ላብራቶሪ አልነበረም።

የመጨረሻው ሪፖርት በዲሴምበር 2022 ሲወጣ ክርክር ተነሳ። ኤምካስ አውሮፕላኑን ወደ ታች መግፋቱ ላይ ሁሉም ይስማማል። የእኛ መርማሪዎች የሴንሰሩን ብልሽት ከኤሌክትሪክ ችግር ጋር አያያዙት። አሜሪካኖቹ ግን ከውጭ የመጣ ነገር፣ ምናልባትም ወፍ፣ መትቶት ነው አሉ። አሜሪካኖቹም ፈረንሳዮቹም የአብራሪዎቹ ሚና በበቂ አልተዳሰሰም በማለት አስተያየታቸውን ለብቻ አወጡ።

ማን ልክ ነው የሚለውን እዚህ አንዳኝም። ነጥባችን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነት ክርክር የሚረታው በስሜት ሳይሆን በዳታ፣ በብረት ምርመራ፣ በኤሌክትሪክ ትንተና ነው። በገዛ ምድራችን ለሞቱ ሰዎች እውነቱን በልበ ሙሉነት ለመናገር በዚያ ደረጃ የሠለጠኑ፣ መሣሪያቸው እጃቸው ላይ ያለ፣ ሥራቸው በማንም የማይጠመዘዝ መሐንዲሶች ያስፈልጉናል። በአንድ ሳምንት ኮርስ የሚፈጠሩ ሰዎች አይደሉም።

🔹 «ስልጠና ተሰጠ» ሲባል ምን እንጠይቅ?

ዜናዎቻችን ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ባለሙያዎች ሠለጠኑ» ብለው ያበቃሉ። ከላይ ካየነው በመነሳት እኛ አራት ጥያቄ እንጨምርበት።

1️⃣ ሠልጣኙ ሲመለስ ምን ሥራ ይጠብቀዋል? የተማረውን በ6 ወር ውስጥ ካልነካው ገንዘቡ ፈሷል።

2️⃣ ዕውቀቱ ለስንት ሰው ተላለፈ? የ24 ሰዎቹን ቡድን አስታውሱ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ተቋሙ ያውቀዋል አይባልም።

3️⃣ ስለ ስህተት ተምሯል ወይ? የአደጋ ታሪክ፣ የሙከራ ውድቀት፣ የሰው ድካም ያልተነሳበት የኤሮስፔስ ስልጠና ግማሽ ነው።

4️⃣ «አይሆንም» ብሎ ቢጽፍ ምን ይሆናል? ጽሑፉ የት ይደርሳል? ማን ይመልስለታል? እሱስ ሥራው ላይ ይቆያል?

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በባህላችን አለቃን መቃወም ድፍረት፣ አንዳንዴም ብልግና ተደርጎ ይታያል። «ጌታዬ፣ ይህ ስሌት ልክ አይመስለኝም» ማለት ለጀማሪ ባለሙያ ተራራ ነው። የቦይንግ ታሪክ እንደሚያሳየን ግን ይህ የሀበሻ ችግር ብቻ አይደለም፤ የሥልጣንና የገንዘብ ችግር ነው፣ የትም አለ። የአቪዬሽኑ ዓለም መፍትሔውን ለግለሰብ ጀግንነት አልተወውም። ችግር ጠቋሚው የማይቀጣበት የሪፖርት ሥርዓት፣ የተጻፈ ጥያቄ የተጻፈ መልስ እንዲያገኝ የሚያስገድድ አሠራር፣ ሥራን የማስቆም መብት የሚሰጥ ደንብ ይበጃል። መሐንዲሱም አለቃውም ይህንን አብረው መሠልጠን አለባቸው። አለቃው ካልሠለጠነ የመሐንዲሱ ስልጠና ዋጋ የለውም።

🔹 ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች

ይህን የምታነቡ የምህንድስና ተማሪዎች ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። «ዕድሉ የለም» የሚለው ቅሬታችሁ እውነት ነው። እስከዚያው ግን በስልካችሁ በነፃ የሚገኙ ነገሮች አሉ።

▪️ የናሳ የሲስተምስ ኢንጂነሪንግ መመሪያ መጽሐፍ፦ በነፃ ይወርዳል። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ከሐሳብ እስከ ሙከራ እንዴት እንደሚሄድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

▪️ የኤፍኤኤ የጥገና ባለሙያዎች መማሪያ መጻሕፍት፦ እነሱም ነፃ ናቸው። የአውሮፕላንን አሠራር ከመሠረቱ ለመረዳት ከእነዚህ የሚሻል መነሻ ማግኘት ይከብዳል።

▪️ የኤምአይቲ ክፍት ኮርሶች፦ የኤሮኖቲክስ ትምህርቶችን ከነመልመጃቸው ታገኛላችሁ።

▪️ የኢቲ 302 የመጨረሻ ሪፖርት ራሱ፦ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የአሜሪካኖቹና የፈረንሳዮቹ አስተያየትም እንዲሁ። ሦስቱን ጎን ለጎን አንብቡ። የትኛው ማስረጃ የትኛውን ድምዳሜ ይደግፋል? ማን ምን ዘለለ? ይህ መልመጃ ማንም ክፍል ውስጥ የማይሰጣችሁ ትምህርት ነው፤ የገዛ ታሪካችንም ነው።

ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ልማድ ያዙ። ስጋታችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ቀን፣ ስሌት፣ ምክንያት። በ2015 የተጻፈችው ያች ኢሜይል አደጋውን አላስቆመችም። ግን በጽሑፍ ስለነበረች ከዓመታት በኋላ መርማሪዎች እጅ ገብታ ሕግ ለማስቀየር ከረዱት ማስረጃዎች አንዷ ሆናለች። በቃል ብቻ ቢነገር ኖሮ ዛሬ ማንም አያውቃትም ነበር።

🔹 ለማጠቃለል

ሀገራችን በአየርና በጠፈር ትልቅ ሕልም አላት። አየር መንገዱ እያደገ ነው፣ ሳተላይት ተወንጭፏል፣ ወጣቱም ዘርፉን ይወደዋል። ሕልሙ የሚቆመው ግን ከተመረቁ በኋላም በየጊዜው በሚማሩ፣ የተማሩትን በሚሠሩበትና ሲናገሩ በሚደመጡ መሐንዲሶች ላይ ነው። ለዚህ የሚወጣው ብር ወጪ ተደርጎ ሲቆጠር ምን እንደሚከተል ከእኛ በላይ ምስክር የለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው መሬት ይናገራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ለባለሙያዎች ስልጠና ተሰጠ» የሚል ዜና ስታዩ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ። ሲመለሱ ምን ይሠራሉ? «አይሆንም» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? ብላችሁ ጠይቁ። እኛም እንጠይቃለን።

💬 በኤሮስፔስ፣ በአቪዬሽን ወይም በሌላ የምህንድስና ዘርፍ የምትሠሩ፣ ከምረቃ በኋላ የወሰዳችሁት ስልጠና በሥራችሁ ላይ ምን ለወጠ? የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ሳትጠቅሱ ኮሜንት ላይ አካፍሉን። ለሚመለከታቸው ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉ።